ሆድዎን ይልቀቁት፦ ሦስት ወር በደብረ ብርሃኗ የዮጋ ቤት

ታፔላ የላትም። ስምም የላትም። ጠባሴ አካባቢ ከአስፋልቱ ወረድ ሲሉ አንድ ወፍጮ ቤት አለ። ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ሰፋ ያለች ክፍል አለች፤ ድሮ የእህል መጋዘን ነበረች፣ አሁን ሰው «የዮጋዋ ቤት» ይላታል። ስሟን አልጻፍክም ብላችሁ አትውቀሱኝ። ቢኖራት እጽፈው ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬ 47 ነው። ከዚህ ውስጥ 22ቱን ዓመት ሲንጀር ላይ አጎንብሼ ነው ያሳለፍኩት። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ ስፖርት አዋቂ ሳይሆን ወገቡን እንደያዘው ሰው ነው። የሦስት ወር ከፍዬ ተምሬያለሁ፣ ከኪሴ። ጻፍልን ያለኝ የለም።

ለቸኮለ ሰው ዋናውን ልናገር። ክፍሏ ደህና ናት። አስተማሪዋ ከክፍሏ በብዙ ትበልጣለች። ብርዱ ግን አያድርስ ነው።

እንዴት ሄድክ ብትሉኝ፣ ነገሩ ታኅሣሥ ላይ ነው። ለጥር ሰርግ የስድስት ሚዜ ሱፍ ተቀብዬ ሌት ተቀን እሰፋለሁ። መቀስ ወደቀብኝ። ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ቀና ማለት እምቢ አለኝ። እዚያው እንደታጠፍኩ አንድ ደንበኛ ገባና «ምን ጠፋብህ?» ብሎ አብሮኝ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ሳቄ መጣ። መሳቅም አልቻልኩም፤ ስስቅ ይወጋኛል።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አየኝ፣ አገላበጠኝ፣ «ጡንቻ ነው፣ ከመቀመጥ የመጣ ነው» አለኝና ማስታገሻ ጻፈልኝ። ማስታገሻው ሲያልቅ ሕመሙ ተመለሰ። ከዚያ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ደንበኛዬ ቀሚስ ልትለካ መጥታ አቀማመጤን አየችና እየሳቀች ተቆጣችኝ። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም መጀመሪያ መድኃኒት ሳይሆን እንቅስቃሴ ይሞከር እንደሚል፣ ከሚሞከሩትም አንዱ ዮጋ እንደሆነ ነገረችኝ። ዮጋ? እዚህ? ደብረ ብርሃን? «ወፍጮ ቤቱ አጠገብ» አለችኝ።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ማክሰኞ ሄድኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የጥርን ውርጭ ያልቀመሰ ሰው ቢነግሩትም አይገባው። ሣሩ ነጭ ሆኗል። ውስጥ ስገባ ደግሞ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። አሥራ አንድ ሰው ነን። ወንዶቹ እኔና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ። የቀሩት ሴቶች ናቸው፣ ከሁሉም ትልቋ አንኮበር ተወልደው ያደጉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ አንዲት እማማ።

«ባዶ እግር ነው የምንሠራው» ተባለ። ጫማዬን ሳወልቅ የቀኝ አውራ ጣቴ ከካልሲዬ ወጥቶ ያያል። የልብስ ሰፊ ካልሲ! ቶሎ ብዬ ሁለቱንም አውልቄ ኪሴ ከተትኩ። ተማሪው አይቶኛል፣ አላየሁም ብሎ ዞረ። እግዜር ይስጠው።

መጀመሪያ ያስተማረችን መቆም ነው። ዝም ብሎ መቆም። «የተራራ አቋቋም» ይባላል። ለዚህ ነው እንዴ የከፈልኩት ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። እግር በትከሻ ልክ፣ ክብደት ሁለቱም እግር ላይ እኩል፣ ትከሻ ወደ ታች፣ አገጭ ገባ። አስተማሪዋ ልጅ እየዞረች ታያለች። ሰው አትነካም፣ ሳትጠይቅ እጇን አታሳርፍም፣ ይሄ ጥሩ ጠባይዋ ነው። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«ጋሼ፣ ሆድዎን ይልቀቁት።»

ደነገጥኩ። ሆዴን ስቤ መያዜን አላወቅኩም ነበር። ለካ ከበሩ ጀምሮ፣ ምናልባትም ከወጣትነቴ ጀምሮ፣ ስቤ ይዤዋለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ ለምን እንደደነገጥኩ አይገባችሁም። ሰው ሊለካ ሲቆም ሆዱን ይስባል። ሁሉም ነው። ሴቶች ይባላል እንጂ ወንዶች ይብሳሉ። ሜትሩ ወገቡ ላይ ሲያርፍ ትንፋሹ ጥልቅ ይልና ደረቱ ይነፋል፣ ዓይኑ መስታወቱ ላይ ይተከላል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ነገር እላለሁ፦ «ወንድሜ፣ አየሩን አስወጣ፣ ሆድህን ልቀቀው፣ ሱሪ ነው የምሰፋልህ ፎቶ አላነሳህም።» አይሰማኝም። ከሳምንት በኋላ ሱሪውን ሊወስድ ይመጣል። ቁልፉ አይገጥምም። «አጠበብክብኝ!» ይለኛል። እኔ አላጠበብኩም። ሱሪው የተሰፋው ሜትር ሲይዙት ለሦስት ሰከንድ ብቻ ብቅ ለሚል ሌላ ሰው ነው። ያ ሰውዬ ደግሞ ሱሪ ለብሶ አያውቅም።

ይሄን ነገር ለሺህ ሰው ተናግሬያለሁ። ለእኔ የተናገረኝ ሰው ግን አልነበረም። ለቀቅኩት። ሆዴ ወረደ፣ ቀበቶዬ ላይ አረፈ። ትንፋሼ እስከ ታች ገባ። ወገቤ ላይ ያለው ገመድ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ላላ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ብርዱ ነው ብዬ አሳበብኩ።

ከዚህ በፊት ሌላ ከተማ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ አንድ ጂም ሞክሬ ነበር። አራቱም ግድግዳ መስታወት ነው። አሰልጣኙ «አንድ ጨምር! ምን ሆነሃል? አንድ ጨምር!» ይላል። በሁለተኛው ቀን ቀረሁ። እዚህ መስታወት የለም። ገንዘብ አጥሯት ይሁን ሆን ብላ አልጠየቅኳትም፣ ግን አለመኖሩ ደስ ይላል። መስታወት ሱቄም ይበቃኛል።

አሠራሯን በደንብ ያየሁት ጎንበስ ብሎ መሬት መንካት ላይ ነው። ተማሪው መዳፉን ሲሚንቶው ላይ ያሳርፋል። እኔ ጉልበቴ ጋ ቆምኩ። ጉልበቴን አጥፌ፣ ትንፋሽ ቋጥሬ፣ ጥርሴን ነክሼ ልደርስ ስታገል መጣች። አናጢ ያስቆረጠቻቸው፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ የጣውላ ቁራጮች አሏት። ሁለቱን ደራርባ እጄ ሥር አስቀመጠችልኝ። «መሬቱ ወደ እርስዎ ይምጣ» አለች። በቃ። ጣውላው መሬቴ ሆነ። ከአሥር ቀን በኋላ አንዱን ጣውላ አነሳች። ሁለተኛው እስከ ዛሬ አለ። ላይነሳም ይችላል፣ አልተጣላንም።

ንግግር አታበዛም። አንድ ቀን ብቻ ሁለት ቃል ነገረችን። አንዱ «አሂምሳ» ነው፣ አለመጉዳት ማለት ነው። ሰው ሌላውን አለመጉዳት ይመስለዋል፣ የራስን ጉልበት አለመጉዳትም እዚያ ውስጥ አለ አለች። ሌላው «ሳንቶሻ» ነው፣ ባለው መርካት። እማማ ቀበል አድርገው «ያለኝ ይበቃኛል ነዋ!» አሉ። «እሱ ነው» አለች። ተማሪው ግን ተከራከረ፣ በያለኝ ይበቃኛል ሰው መቼ ያድጋል አለ። የሰጠችውን መልስ ወድጄዋለሁ። «ዛሬ እጅህ የት እንደደረሰ ካላወቅክ ነገ መጨመሩን በምን ታውቃለህ?» አለችው። እኔ ይሄን በሜትር ነው የተረዳሁት። በውሸት ልክ የተጀመረ ልብስ በኋላ ቢፈታም ቢሰፋም አይቃናም።

ዮጋ የሚለው ቃል ራሱ በሳንስክሪት፣ በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ፣ «መጥመድ» ከሚል ሥር የመጣ ነው አለችን። በሬ መጥመድ፣ ቀንበር። ይሄን ስሰማ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ መንዝ ላይ ሲያርስ ወይፈን ማስለመድ ሲፈልግ ከሌላ ወይፈን ጋር አይጠምደውም። ሁለት ወይፈን እርፍ ይሰብራል። የሚጠምደው ከለመደ፣ ከደከመው ሽማግሌ በሬ ጋር ነው። ወይፈኑ ይራገጣል፣ ወደ ሰው ማሳ ያያል፣ ሽማግሌው ዝም ብሎ ትልሙን ይዞ ይሄዳል፣ ወይፈኑም ቢወድ ባይወድ ይከተላል። ልቤ ወይፈን ነው፤ ሰውነቴ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ እሱ የሚዜዎቹን ሱፍ ገበር ያሰላል፣ የቤት ኪራይ ያሰላል። ትንፋሼ ያ ሽማግሌ በሬ ነው። ይሄን ለአስተማሪዋ ነገርኳት፣ አሁን ለአዲስ ሰው ሁሉ ትናገረዋለች፣ ከእኔ መሆኑን ግን አትጠቅስም። ቅሬታ አይደለም። ቅሬታ ነው።

አሁን የሚነካካውን ነገር ላንሳ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ሳምንት ቤት ውስጥ ስለማመድ አየችኝና «ለማን ነው የምትሰግደው?» አለችኝ። ሰፈሩም ያወራል። ሰው ላይ አልፈርድም። ዮጋ የመጣው ከሕንድ ነው፣ ሥሩም እዚያው ሃይማኖት ውስጥ ነው፤ ይሄን የሚክድ ሰው አልወድም። እኔ ልጅቷን ፊት ለፊት ጠየቅኳት። «እዚህ ዜማ የለም፣ ምስል የለም። ዝም በምንልበት ሰዓት የፈለገ የራሱን አባታችን ሆይ ይበል» አለችኝ። ሙስሊም እህቶችም አብረውን አሉ፣ እነሱም በራሳቸው መንገድ ዝም ይላሉ። ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው። ብዙ አሰቡ። «ጸሎትህን እንዳይተካብህ» አሉ መጀመሪያ። ቀጥለው፦ «ወገብህ ከተሻለው ደግሞ በመጀመሪያ ለስግደት ተጠቀምበት።» ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። ዝም ማለቷ መስማማት አይደለም፣ አውቃታለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ዮጋ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባው እዚሁ እኛ አገር ነው። በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ወር አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ስብሰባ ነው የጸደቀው፣ የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ስብሰባ ነው። ይሄን ለባለቤቴ ብነግራት «ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለችኝ። እሱም ልክ ነው።

የምወደው ክፍል መጨረሻው ነው። ሃምሳ ደቂቃ ከሠራን በኋላ በጀርባ እንተኛለን። ስሙ በትውልድ ቋንቋው የሬሳ አተኛኘት ማለት ነው። መጀመሪያ አካባቢ «አሁን እንደ ሬሳ እንተኛ» ብላ እማማ አማትበው ብድግ አሉ አሉ፣ ከዚያ ወዲህ «የእረፍት» ትለዋለች። በዚያ ብርድ ሲሚንቶ ላይ በስስ ማት መተኛት ሞኝነት ነው። ሁሉም ከቤቱ ይዞ ይመጣል። እኔ የአባቴን የመንዝ ባና ነው የምይዘው። ከባድ ነው፣ ይኮሰኩሳል፣ ትንሽ የበግ ይሸታል። ስተኛበት ከላይ አንድ ሰው እጁን ያሳረፈብኝ ያህል ነው። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። አንዳንዴ ማንኮራፋትም። ማን እንደሆነ አልናገርም።

ስንነሳ ክብ እንሠራና እያንዳንዱ የሚያመሰግንበትን አንድ ነገር ይናገራል። መጀመሪያ ቀን ቀላል መስሎኝ ነበር። እኛ ምስጋና መቼ ቸገረን? እንዴት ነህ ሲሉን ጥርሳችን እያመመን ተመስገን እንላለን፣ ቤት እየፈሰሰብን ተመስገን እንላለን። ዙሩ ሲደርሰን ሁሉም ለጤናዬ፣ ለልጆቼ፣ ላሳደረኝ አለ። ልጅቷ ጨርሰን ስናበቃ «ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ በዚህች ደቂቃ፣ በዚህች ክፍል ውስጥ ያለ ነገር ብቻ» አለች። ዝም። ረጅም ዝምታ። አንድም ሰው የሚለው አጣ። ከዚያ እማማ ወደ ታች አዩና «እግሬ ሞቀ» አሉ።

እግሬ ሞቀ! እኔም እግሬን አየሁ። የእኔም ሞቋል። አላወቅኩም ነበር። የእኔ ተራ ሲደርስ ወፍጮው ድንገት ጠፋ፣ «ወፍጮው ቆመ» አልኩ፣ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አሁን ሱቅ ውስጥም አንዳንዴ አደርገዋለሁ። ክሩ ሳይበጠስ አንድ እጅጌ ጨረሰ። ሻዩ ገና ትኩስ ነው። እንዲህ ያለ ተራ ነገር። ችግሬ አልቀነሰም፣ የክር ዋጋም አልቀነሰም።

ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ያነሳሁት ወፍጮ የቀልድ አይደለም። 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይነሳል፣ ልክ ልንተኛ ስንል። ጤፍና ገብስ ሲሆን ይለመዳል። በርበሬ የተፈጨ ቀን ግን ጉድ ነው። በአፍንጫ በጥልቀት ሳቡ እየተባልን አሥራ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያስነጥስ አስቡት። በዚያ ቀን ትምህርቱ ተቋርጦ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመን ጨረስን። ሰዓቱን በግማሽ ሰዓት ቀደም ብታደርገው ይፈታል፣ ነግሬያታለሁ፣ «በውርጩ ማን ይመጣል?» አለችኝ። እሷም እውነት አላት።

ሙዚቃው ከስልኳ ነው። ደስ የሚል ዋሽንት ይሰማል፣ ፀጥ ብለን ተኝተናል፣ በመሃል የውርርድ ማስታወቂያ ይጮኻል። ምንም ሳይከፈት ቢቀር ይሻላል። ማቱ ስምንት ነው፣ አርፍዶ የመጣ ሦስት ሰው ካርቶን ላይ ይሠራል። ልብስ መቀየሪያ የለም። ክፍያው በወር 900 ብር ነው፣ ለአንድ ቀን 100፤ የቀራችሁበት ቀን አይካካስም። እኔ ለቅሶ ላይ ቆይቼ አራት ቀን አለፈኝ፣ አልተቆጠረልኝም። ለቅሶ እንኳ ቢታሰብ ምን አለበት? አገሩ እኮ የእኛ ነው።

ጥንቃቄዋን ግን አመሰግናለሁ። ገና ስትመዘገቡ ደም ግፊት አለ ወይ፣ እርግዝና አለ ወይ፣ እግር ላይ የሚወርድ መደንዘዝ አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ግፊት ያለበትን ሰው ጭንቅላት ወደ ታች አድርጎ እንዲቆይ አታደርግም። አንዷን እህት እግሯ ይደነዝዛል ስላለች ሐኪም አይቶሽ ነይ ብላ መልሳታለች፣ ክፍያውን ሳትቀበል። ገንዘብ የሚወድ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ውጤቱስ? ወገቤ አልዳነም። ተሽሎኛል። ጠዋት ስነሳ አልጋውን ተደግፌ አልነሳም፣ ሲንጀሩ ላይ በየሰዓቱ ቆም እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሕማማት መስገድ አቅቶኝ ጥግ ቆሜ ነበር የማሳልፈው፣ ሰው ምን ይለኛል እያልኩ። ዘንድሮ በስቅለት ሰገድኩ። 41 ላይ ወገቤ ተናገረኝ። ተቀመጥኩ። ከፊቴ ያሉት ጎረምሶች ቀጠሉ፣ እኔ ተቀምጬ አየኋቸው፣ አላፈርኩም።

ለመክሳት የምትፈልጉ ሌላ ቦታ ሂዱ፣ እዚህ ላብ ብዙ የለም። ላብ በዚህ ከተማ ለነገሩ የት አለ? መቀመጥ ያጎበጣችሁ፣ ባለቢሮዎች፣ ሹፌሮች፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ ሞክሩት። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው። ባና ወይም ብርድ ልብስ ያዙ። ያልተቀደደ ካልሲ ልበሱ።

ባለፈው ሳምንት ለራሴ ሱሪ ልሰፋ ሜትሩን ወገቤ ላይ አዞርኩ። 102። ሦስት ወር ሠርቼ አንድም አልቀነሰም። በፊት ለራሴ ስቆርጥ 98 እያልኩ ነበር፣ ቁልፉን ክፍት አድርጌ በቀበቶ እየሸፈንኩ። ካኪውን ዘረጋሁና ጠመኔውን አነሳሁ። በ102 ቆረጥኩት። ዛሬ ለብሼዋለሁ፣ ቁልፉ ተዘግቷል፣ ተቀምጬም ምሳ በልቻለሁ።